ከኢፔ እንጨት ዴክ መሥራት፦ ከግዢ እስከ ዘይት

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ በቤት እድሳት ሥራ የምንተዳደር ሐበሾች ብዙ ነን። ቀለም፣ ሰድር፣ መታጠቢያ ቤት ሲሆን እጃችን የታወቀ ነው። ዴክ (ደጅ ላይ ከቤቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራ የእንጨት ወለል) ሲመጣ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ኬሚካል የጠጣ ፓይን ወይም ፕላስቲክ የተቀላቀለበትን ሰው ሠራሽ ጣውላ ነው። ደንበኛው «ኢፔ ነው የምፈልገው» ያለን ቀን በፓይን ልማዳችን ዘው ብለን እንገባና እንጨቱ ራሱ ያስተምረናል። እኔን ያስተማረኝ በራሴ ገንዘብ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላው ሰው በነፃ እንዲማር ነው፤ ለራሱ ቤት ለሚሠራም ለደንበኛ ለሚሠራም ይሆናል።

ኢፔ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና የሚበቅሉ፣ በሳይንስ ስማቸው ሃንድሮአንተስ የሚባሉ የበርካታ ዛፎች የገበያ ስም ነው። አሜሪካ የሚገባው አብዛኛው ከብራዚል አማዞን የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሐምራዊ አበባውን አስፋልት ላይ የሚያነጥፈው ጃካራንዳ ዘመዱ ነው፤ ኢፔም ቅጠሉን አራግፎ በቢጫ ወይም በሮዝ አበባ ብቻ የሚሸፈንበት ወቅት አለው። ዝምድናው ግን አበባ ላይ ያበቃል። ደረቅ ኢፔ በሜትር ኩብ ከ1,000 እስከ 1,100 ኪሎ ስለሚመዝን ቁራጩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ብትጥሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሰምጣል። የእኛ ወይራ 970 ገደማ ነው። የወይራ ዱላ ይዞ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እጁ ያውቀዋል። በጃንካ የጥንካሬ መለኪያ ኢፔ 3,500 ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ የቤት ወለል የሚነጠፍበት ቀይ ኦክ 1,300 እንኳ አይሞላም።

ምስጥ አይደፍረውም፣ ዝናብና በረዶ እየተፈራረቁበት ለብዙ ዓመት ሳይበሰብስ ይቆያል፣ እሳትም በቀላሉ አይዛመትበትም። በሌላ በኩል ምስማር አይቀበልም፣ ብሎን ይሰብራል፣ ክፍተቱ ከተሳሳተ ደግሞ ጎረቤቱን እየገፋ ይነሳል። ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው ገና መጋዝ ሳይነሳ ነውና ከመቁረጥ በፊት ስላለው ነገር ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

1. መጀመሪያ ቦታውን እዩ

ዋጋው የፓይን ብዙ እጥፍ ነው፤ ይህን ደንበኛው አስቀድሞ ይወቅ። እኔ ግን ቤቱ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ከዴኩ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚያልፍበት ዴክ ለኢፔ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ከመሬት 1 ጫማ የማይሞላ ከፍታ ካለውና ዙሪያውም በጣውላ ከተዘጋ ግን ከአፈሩ የሚወጣው እርጥበት የጣውላውን ሆድ ሲያሳብጥ ፀሐይ ጀርባውን ታደርቀዋለች። ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሱና ጣውላው እንደ ጎድጓዳ ሰሃን ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ጎኑን መክፈት፣ አፈሩን ቆርጦ ዝቅ ማድረግ፣ ወፍራሙን ጣውላ መምረጥና ከላይ በብሎን ማሰር ግድ ነው። ደንበኛው ይህን ካልተቀበለ እኔ ሌላ ዕቃ እመክረዋለሁ።

ሌላው ጉዳይ የእንጨቱ አመጣጥ ነው። ኢፔ ጫካ ውስጥ ተሰባስቦ አይበቅልም፤ አንዱ ከሌላው ርቆ ነው የሚቆመው። አንዱን ዛፍ ለማግኘት ጫካው ውስጥ መንገድ ይቀደዳል፣ በሕገወጥ መንገድ የሚቆረጠውም ብዙ ነው። ኒውዮርክ የኮኒ አይላንድን የባሕር ዳር መራመጃ በኢፔ ስትጠግን ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከንቲባ ብሉምበርግ ከተማዋ የሐሩር ክልል ጠንካራ እንጨት አጠቃቀሟን እንደምትቀንስ ያስታወቁት በዚሁ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 ፓናማ ላይ በተደረገው የሳይተስ (ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ ኢፔ በዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፅዋት ዝርዝር፣ ከሁለተኛው አባሪ ውስጥ ገባ። ቁጥጥሩ ሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 25 ቀን 2024 ነው። መግዛት አልተከለከለም፤ ድንበር ሲሻገር ግን ፈቃድ ይጠየቃል።

ይህ ለእኛ ለየት ያለ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ቤት እየሠራ ኮንቴይነር የሚጭን ሰው ብዙ ነው። «በረንዳውን እዚያም በኢፔ ላድርገው» ብሎ የዴክ ጣውላ ከሌላው ዕቃ ጋር ዝም ብሎ መጫን አይቻልም፤ ከአሜሪካ ሲወጣ የሳይተስ ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ጣውላው በሕጋዊ መንገድ መግባቱን የሚያሳይ ሰነድ ከሻጩ መያዝ አለባችሁ። ደረሰኝ ላይ የዛፉ ሳይንሳዊ ስም እንዲጻፍ መጠየቅን ልማድ አድርጉት። ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ የሚጠቁር ሻጭ ካጋጠማችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

2. ስሌት

12 በ16 ጫማ የሆነ ዴክ እንውሰድ። ጣውላው በ16 ጫማው አቅጣጫ ይነጠፋል፣ ጆይስቶቹ (ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙት አግዳሚዎች) ደግሞ በየ16 ኢንቹ ናቸው።

ከሁለት ውፍረት አንዱን ትመርጣላችሁ። «ፋይቭ ኳርተር» የሚባለው በእውነተኛ ልኩ 1 ኢንች ውፍረት፣ 5 ኢንች ተኩል ስፋት አለው። ቀጭኑ ውፍረቱ 3/4 ኢንች ነው። ለጆይስቱ ርቀት ቀጭኑም ይበቃል፤ እኔ ግን ወፍራሙን እመርጣለሁ። የብሎን ጭንቅላት ቀብሮ በእንጨት ቡሽ ለመድፈን ቦታ ይሰጣል፣ ሲረጥብና ሲደርቅም በቀላሉ አይጣመምም።

ጣውላው 5 ኢንች ተኩል ነው፤ 1/8 ኢንች ክፍተት ሲጨመርበት ለ12 ጫማ ስፋት 26 ረድፍ ይሆናል። 26 ጊዜ 16፣ 416 ጫማ። ለብልሽትና ለቁራጭ 10 በመቶ ጨምሩበትና 29 ጣውላ እዘዙ። ስምንት ጫማና አሥራ ሁለት ጫማ ቀጣጥዬ ላድን ብላችሁ አትሞክሩ፤ መጋጠሚያ በበዛ ቁጥር የጫፍ ስንጥቅም ይበዛል።

አንዱ ባለ 16 ጫማ ጣውላ 42 ፓውንድ ገደማ ነው፣ 19 ኪሎ። 29ኙ ከ1,200 ፓውንድ በላይ ስለሆኑ በተራ ፒክአፕ ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስን ያስቡበት፤ ወይም ሻጩ ያድርስላችሁ። የመጀመሪያ ቀኔ ብቻዬን ከመኪና ላወርድ ብዬ ወገቤን ይዤ ሁለት ቀን ተኝቻለሁ።

ብሎን፦ 16 ጫማ ውስጥ 13 ጆይስት አለ። 26 ጣውላ በ13 ጆይስት፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሲሆን 676 ብሎን። 750 ግዙ። 676 ብሎን ማለት 676 ቀዳዳ ማለት ነው፤ የሥራ ዋጋ ስትናገሩ ይህን ቁጥር አትርሱት። በፓይን ሂሳብ ዋጋ ሰጥቶ በኢፔ የሠራ ሰው በትርፉ ነው የሰረሰረው።

3. ግዢ

ትልቁ ወጥመድ ስም ነው። «ብራዚሊያን ዎልነት» ካሏችሁ ኢፔ ማለታቸው ነው፣ ከዎልነት ጋር ግን ምንም አይገናኝም። «አይረንዉድ» የሚለው ስም ደግሞ ምንም አይነግራችሁም፤ በየአገሩ ለጠንካራ እንጨት ሁሉ የሚሰጥ ነው። ኩማሩ፣ ማሳራንዱባ፣ ጋራፓ የሚባሉ ሌሎች የደቡብ አሜሪካ እንጨቶች አሉ። መጥፎ አይደሉም፣ ኩማሩ እንዲያውም በጥንካሬ ብዙም አያንስም። ችግሩ በኢፔ ዋጋ ሲሸጡላችሁ ወይም እዚያው ክምር ውስጥ ሲቀላቀሉ ነው። ዘይት ስትቀቡት አንዱ ይቀላል፣ ሌላው ይጠቁራል።

የምፈትነው እንዲህ ነው። የኢፔ ቀዳዳዎች ውስጥ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ፤ ላፓኮል ይባላል። ይህ ነገር ሳሙናና አሞኒያ ሲያገኘው ይቀላል። ከጣውላው ጫፍ ትንሽ ፍቅፋቂ አንስታችሁ አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ጠብ አድርጉበት። ወደ ቀይ ከተለወጠ የኢፔ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከልብስ ማጠቢያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኢፔ ስቆርጥ የዋልኩበት ነጭ ሸሚዝ ሳሙና ሲነካው ደም የነካው መሰለና ባለቤቴ ተቆረጥክ እንዴ ብላ ጮኸች።

ከተቻለ እዚያው ሄዳችሁ አንድ በአንድ ምረጡ። ጣውላውን በጠርዙ አቁማችሁ በአንድ ዓይን ርዝመቱን ተመልከቱ። ትንሽ ወደ ጎን ቢታጠፍ በማጥበቂያ ይስተካከላል፤ እንደ ገመድ የተጠመዘዘውን ግን ተዉት፣ የኢፔን ጥምዝ የሚመልስ ጡንቻ የለም። ጫፎቹ ሰም መቀባታቸውን፣ ከጫፉ የሚገባ ስንጥቅ አለመኖሩን እዩ። ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ መስመር ካለ የዛፉ የውጭ ለስላሳ ክፍል ነው፤ የዛፉ ልብ ያለውን ዕድሜ የለውም። የቀለም ልዩነት ግን አያስፈራችሁ። ከወይራ አረንጓዴ እስከ ጠቆር ያለ ቡና ድረስ አንድ ክምር ውስጥ ይገኛል፤ ይህ ተፈጥሮው ነው።

በመጨረሻም ጣውላው በአየር የደረቀ ነው ወይስ በምድጃ ብላችሁ ጠይቁ። በአየር የደረቀው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 በመቶ እርጥበት አለው፣ በምድጃ የደረቀው 12 ወይም ከዚያ በታች ነው። የክፍተቱ ስፋት የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

4. ማቆየት፣ እና የእኔ ጋራዥ

ከዓመታት በፊት በብርዱ ወራት ኢፔ ገዛሁ። የፈረንሳይ ወይን ጠጅ እንደሚያቆይ ሰው ተጠንቅቄ ማሞቂያ ባለበት የደንበኛው ጋራዥ ውስጥ ደረደርኩት። ስድስት ሳምንት ቆየ። በማርች አወጣሁትና በአንድ ሳንቲም ውፍረት፣ ማለትም በ1/16 ኢንች ክፍተት አነጠፍኩት። ውብ ነበር፤ ፎቶውን ሁሉ ላክሁ። ኦገስት ላይ ደንበኛው ደውሎ «ወለሉ ተነፍቷል» አለኝ። ሄጄ ሳየው ጣውላዎቹ ተጋጥመዋል፣ መሃል ላይ ሁለቱ ከጆይስቱ ለቀው ተነስተዋል። ብሎኖቹ ተቆርጠው ነበር።

ስህተቱ ከፓይን የመጣ ነው። ኬሚካል የጠጣ ፓይን ገበያ የሚመጣው እርጥብ ሆኖ ነው፤ አስጠግተን እንቸነክረዋለን፣ ሲደርቅ ራሱ ይከፈታል። ኢፔ የሚመጣው ደርቆ ነው፤ እኔ ደግሞ በጋራዥ ሙቀት ይበልጥ አደረቅኩት። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቀው መስፋት ብቻ ነበር። ሂሳቡ ይህ ነው፦ 5 ኢንች ተኩል የሆነ የኢፔ ጣውላ እርጥበቱ በ5 በመቶ ሲለወጥ ስፋቱ 1/16 ኢንች ገደማ ይለወጣል። 26 ጣውላ ላይ ሲደመር ከ1 ኢንች ተኩል ያልፋል። የዋሽንግተን አካባቢን የኦገስት ወበቅ የሚያውቅ ሰው 5 በመቶ ብዙ እንዳልሆነ ይረዳል።

ስለዚህ ጣውላው ሲደርስ ውጭ፣ ከመሬት ቢያንስ 1 ጫማ ከፍ ብሎ፣ በየረድፉ መካከል ቀጫጭን ሞራሌ እየገባ ይደርደር። ከላይ በሸራ ሸፍኑት፣ ጎኑን ክፍት ተዉት። ዴኩ የሚሠራበትን አየር አንድ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ይልመድ። ማሞቂያ ወይም ኤሲ ያለበት ቤት አታስገቡት።

5. ከሥር ያለው አካል

ስለ ምሰሶና ጆይስት ራሱን የቻለ መመሪያ ስለሚያስፈልግ እዚህ አልገባበትም። የካውንቲውን ፈቃድ አውጡ፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያዘውን አግዳሚ በምስማር ሳይሆን በትክክለኛው ብሎን እሰሩ። ኢፔው በካሬ ጫማ 6 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ በመደበኛው ሰንጠረዥ ከሚታሰበው የ10 ፓውንድ ቋሚ ጭነት አያልፍም፤ ለእሱ ብሎ ተጨማሪ ጆይስት ማስገባት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን አትዝለሉ፦ የጆይስቶቹ ጀርባ በውሃ ልክና በገመድ አንድ ደረጃ ይሁን። ፓይን ከተዛባ ጆይስት ጋር ይስማማል፣ ኢፔ አይጎነበስም። ጆይስቱ ላይ ውሃ የማያሳልፍ ተለጣፊ ቴፕም ልበጡበት። ጣውላው ከጆይስቱ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ከሥር የበሰበሰ ጆይስት ለመቀየር ጤነኛ ኢፔ ማንሳት ያናድዳል።

6. መቁረጥ

ካርባይድ ጥርስ ያለው፣ ባለ 60 ወይም 80 ጥርስ አዲስ ምላጭ ይበቃል። መጋዙን አትግፉት፣ ራሱ ይሂድ። ጭስ ካያችሁና የተቆረጠው ጫፍ ከጠቆረ ምላጩ ደንዝዟል።

የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ በዚያው ሰዓት በፈሳሽ ሰም ቀቡት፤ «ማታ እቀባዋለሁ» አይሠራም። እንጨት ውሃ የሚያወጣውም የሚያስገባውም ከሁሉ በላይ በጫፉ ነው፣ ፀሐይ ላይ ለጥቂት ሰዓት ከተተወ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይጀምረዋል። እኔ መጋዙ አጠገብ ቆርቆሮና ብሩሽ አስቀምጬ ቁረጥ፣ ቀባ፣ ቁረጥ፣ ቀባ እያልኩ ነው የምሄደው።

አቧራው ቀላል አይደለም። ያ ቢጫ ዱቄት ቆዳ ያሳክካል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ አንዳንዱን ሰው ሽፍታ ያወጣበታል። ቢያንስ ኤን 95 ጭምብል፣ መነጽርና እጅጌ ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሦስተኛው ቀን ላይ ክንዱ ሁሉ አብጦ ሥራ አቁሟል።

7. ክፍተትና ማሰር

በአየር የደረቀ ከሆነ 1/8 ኢንች፣ በምድጃ የደረቀ ከሆነ ከ3/16 እስከ 1/4 ኢንች ክፍተት ተዉ። ዛፍ ያለበት ግቢ ወይም ለመሬት የቀረበ ዴክ ከሆነ ወደ ሰፊው አድሉ። ክፍተቱን በዓይን ሳይሆን ልኩ እኩል በሆነ የፕላስቲክ መለያ ጠብቁት፤ በየአምስት ረድፉም ከቤቱ ግድግዳ ያለውን ርቀት በሁለቱም ጫፍ ለኩ። ጎበጥ ያለው ጣውላ ጎረቤቱ ላይ በማጥበቂያ ተስቦ፣ መለያው መሃል ገብቶ፣ ከዚያ ይሰርሰር።

የብሎን ምርጫ ላይ አትቆጥቡ። ስቴይንለስ ይሁን፤ ባሕር ወይም የጨው ውሃ መዋኛ አጠገብ ከሆነ 316 የሚባለው። ተራው ብረት ሲዘግ ኢፔውን ያጠቁረዋል፣ ጥቁሩም እንደ ቀለም ይሰርጻል። ለ1 ኢንች ጣውላ 10 ቁጥር፣ 2 ኢንች ተኩል ርዝመት ያለው ይስማማል።

ቀዳዳው ከብሎኑ የውጭ ጥርስ ጋር የሚቀራረብ ስፋት ይኑረው። ብሎኑ ኢፔው ውስጥ እየነከሰ ሳይሆን እያለፈ ገብቶ ከሥር ያለውን ፓይን መንከስ አለበት። ኢፔውንም ከነከሰ ጣውላው ከጆይስቱ ተንሳፎ ይቀራል፣ ወይም የብሎኑ አንገት ይቆረጣል። የድሪሉን ጫፍ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩት፤ ብሎኑ በእጅ ግፊት ግማሽ ድረስ ከገባ ልኩ ነው። ከጠርዝ 3/4 ኢንች፣ ከጫፍ ቢያንስ 1 ኢንች ተኩል ራቁ። ሁለት ጣውላ ጫፍ ለጫፍ የሚገናኝበት ቦታ ካለ ሥሩ ጆይስቱ ድርብ ይሁን፤ ያለዚያ ይህ ርቀት አይገኝም።

ጭንቅላቱን የሚያስገባ ቅርጽ አብሮ የሚያወጣውን የድሪል ጫፍ ከአራት እስከ ስድስት ግዙ፤ ይደነዝዛሉ። በየጥቂቱ አውጥታችሁ ፍቅፋቂውን አራግፉ፣ ያለበለዚያ ቀዳዳው ውስጥ ይጋገርና ጫፉ ይሰበራል። ብሎኑን ኢምፓክት በሚባለው መሣሪያ አትምቱት። ስቴይንለስ ከተራ ብረት ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ያ ድብደባ አንገቱን ይቆርጠዋል። የማጥበቂያ ኃይሉ የሚስተካከል ተራ ድሪል ተጠቀሙና ብሎኑን ሰም አስነክታችሁ አስገቡት። የሰም ቁራጭ ኪሴ ውስጥ አይጠፋም፤ ሻማም ይሆናል።

ሁለት ሰው ሁለት ድሪል ይዞ ቢሠራ፣ አንዱ ሲሰረስር ሌላው ቢያስር፣ የጫፍ መቀያየር ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ ሙሉ ቀን ይፈጃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና ከምሳ በኋላ ድካም ሲመጣ ቀዳዳ እየዘለሉ በቀጥታ መምታት ይጀምራል፤ የተሰበሩ ብሎኖች ሁሉ የከሰዓት ብሎኖች ናቸው።

ጭንቅላቱ እንዲታይ የማይፈልግ ደንበኛ ካለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጣውላውን ጎን ቦይ አውጥቶ በድብቅ ክሊፕ መያዝ ነው። ፈጣንና ያማረ ነው፤ ግን ከላይ የሚይዘው ስለሌለ እርጥብ ቦታ ላይ፣ ዝቅ ባለ ዴክ ላይ አላምነውም። ሁለተኛውና እኔ የምወደው ብሎኑን 3/8 ኢንች ቀብሮ ከራሱ ከኢፔ በተቆረጠ ቡሽ መድፈን ነው። ቀዳዳውንና ቡሹን በአሴቶን ጥረጉ፣ የኢፔ ዘይት ኮላውን ይገፋዋልና። ውሃ የማይፈታው ኮላ ተጠቀሙ፣ የቡሹን ጭረት ከጣውላው ጭረት ጋር አስተካክሉ። ሲደርቅ ትርፉን በመሮ በአንድ ምት አትቁረጡት፤ መጀመሪያ ከግማሽ በላይ አድርጋችሁ ቁረጡና ጭረቱ ወደየት እንደሚወርድ እዩ። ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ከሌላው ወገን ዙሩበት፤ አለዚያ ቡሹ ከወለሉ በታች ይላጣል።

8. ዘይት፣ ወይስ ግራጫ?

ይህን ከደንበኛው ጋር በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት። ኢፔ ሳይቀባ ከተተወ በጥቂት ወራት ውስጥ ቡናማነቱ ለቆ ብር የመሰለ ግራጫ ይሆናል። መበስበስ አይደለም፤ ፀሐይ የላይኛውን ሽፋን ስለምታነጣው ነው። ቡናማውን የሚወድ ሰው በየዓመቱ ዘይት መቀባትን ይቀበላል ማለት ነው። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ቀብተው ይተዉታል፤ እኔም ግራጫውን ነው የምመርጠው።

ለመቀባት ከወሰናችሁ እንጨት ውስጥ የሚሰርግ፣ ለጠንካራ እንጨት የተዘጋጀ ዘይት ነው የሚያስፈልገው። ቫርኒሽና ፖሊዩሬቴን ላዩ ላይ ይቀመጡና ከዓመት በኋላ እንደ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ይላጣሉ፤ ከዚያ ሁሉንም መፋቅ ነው። በ60 ወይም በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ከዚያ አታልፉ፤ በጣም ከለሰለሰ ዘይቱን አይጠጣም። ከተቻለ ጣውላው ሳይታሰር ሆዱንም አንድ እጅ ቀቡት። ከላይ በጥላ ሰዓት በስሱ አንድ እጅ ቀብታችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁና ያልገባውን ሁሉ በጨርቅ ጥረጉት። ላዩ ላይ የቀረው ዘይት ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። ሁለተኛ እጅ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ እንጨቱ የሚጠጣው ትንሽ ነው።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ራሱን ያቃጥላል። ውጭ ሲሚንቶ ላይ አንድ በአንድ ዘርጉት ወይም ውሃ ያለበት የብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት።

9. በየዓመቱ

በጸደይ ወቅት ክፍተቶቹ ውስጥ የገባውን ቅጠል በቢላ አውጡ፤ ነፋስ የሚያልፈው በእነሱ ነው። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ እጠቡ። የግፊት ማጠቢያ መጠቀም ከፈለጋችሁ ግፊቱን ዝቅ፣ ጫፉን ራቅ አድርጉ፤ ቅርብ ሲሆን ለስላሳውን ጭረት ነቅሎ ወለሉን ሸካራ ያደርገዋል። የላላ ብሎን ካለ አጥብቁ፣ የወጣ ቡሽ ካለ መልሱ።

ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ብረት ነው። አንድ ቤት ላይ ሌላ ባለሙያ የብረት መደገፊያ በግራይንደር ዴኩ ላይ ሆኖ ቆርጦ፣ ብልጭታው የወደቀበት ሁሉ በአንድ ዝናብ ጥቁር ሆኖ ጠበቀኝ። ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት የዴክ ማንጫ ያስለቅቀዋል፤ ግራጫውንም ወደ ቡናማ ይመልሳል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ በዙሪያው ያለውን ተክል አስቀድማችሁ በውሃ አርሱት፣ ከጨረሳችሁ በኋላ በደንብ እጠቡ።

ከ29ኙ የተረፉትን ሁለት ሦስት ጣውላዎች ጋራዥ አታስገቧቸው። ጫፋቸውን ሰም ቀብታችሁ እዚያው ዴኩ ሥር፣ ከአፈር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ ጣውላ ቢሰነጠቅ የዚያው ክምር፣ የዚያኑ ዓመት እንጨት፣ የዚያኑ ግቢ አየር የለመደ ምትክ እጃችሁ ላይ ይኖራል።